ትርፉን አትቁረጪ

ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይዤላት ስገባ አክስቴ ወይ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት፣ ወይ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ጨርቅ በጠመኔ ታሰምራለች። የዚያን ቀን ግን ሱቁ ውስጥ ማንም የለም። መጋረጃው ተከፍቷል፣ ካውያው ተሰክቷል፣ ሻዩ ተጀምሮ ቀዝቅዟል፣ እሷ የለችም። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ዘፈን ይሰማል። ወይ ጉድ፣ ጭንቀቱ አናቷ ላይ ወጣ እንዴ ብዬ ደነገጥኩና በሩን ገርበብ ባደርገው፣ አክስቴ በደንበኞች ኮት መሃል በርጩማ ሸጉጣ ተቀምጣለች። የማን እንደሆነ የማላውቀው ሱሪ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እሷ ስልኳን አገጯ ሥር ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትዘፍናለች። ሳታቋርጥ በእጇ ዝጊው አለችኝ፣ ዘጋሁት። ጨርሳ ስትወጣ ፀጉሯ ላይ ክር ተጣብቆ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዳቦውን ቆርሳ መብላት ጀመረች። ለካ ጎረቤቷ በያጁ በጠዋቱ መዶሻውን አንስቶባት ነው። ልብስ ጩኸት ይውጣል አለችኝ፤ ስልክ ጠጋኝ ነኝ እያልሽ ይህን አታውቂም ብላም ሳቀችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አልጋ ትይዛለች፣ በማግስቱ ጠዋት ጉሮሮዋ ውስጥ የበቀለውን እባጭ ያወጡላታል። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ አልደበቃትም። የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው በእባጩ ጎን ነው፣ እንጠነቀቃለን፣ ግን ድምፅዎ እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ልምልልዎ አልችልም ብሏታል። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ፣ የመናገሩስ ግድ የለም፣ ከደንበኛ ጋር በምልክትም እንግባባለን፣ ዘፈኑን ምን ላድርገው ብላ ጠየቀችው።

አክስቴ ሳትዘፍን ስትሰፋ ያየ ሰው የለም። የምትዘፍነው ደግሞ ሬዲዮ ላይ የሚሰማውን አይደለም። ልጅ ሳሉ እሷና ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ ልብስ ሲያሰጡ፣ ሕፃን ሲያስተኙ ይዘፍኑት የነበረውን ነው። ለገበር የሚሆን ዘገምተኛ ዘፈን አላት፣ ለረጅም ቀጥ ያለ ስፌት ፈጣን አላት፣ ለቁልፍ ቀዳዳ ቆም ቆም የሚል አላት። ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ነው የሚላት፤ አላፊ አግዳሚው በሩ ላይ ቆም ብሎ "እቴቴ፣ ዛሬ እጅጌ ላይ ነሽ መሰለኝ" ይላታል፣ ከዘፈኑ አውቆ። ታዲያ ድምፄ ቢሄድ እጄ ግራ እንዳይገባው መኪናዬ አጠገብ የሚዘፍንልኝ ይኑር ነው ሐሳቧ። የራሷን ፕሌይሊስት፣ የዘፈን ዝርዝር ማለት ነው፣ ስልኳ ላይ እንዳበጅላት ጠየቀችኝ፣ ፕሌይሊስት የሚለውን ቃልም ከኔ ሰምታ ነው የያዘችው።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩላት። ስንት ቀን ምሳዬን እየተውኩ ሱቄ ውስጥ ፈለግኩ። የሚመስለውን አግኝቼ ባሰማት፣ ኪቦርድና ጭብጨባ ታጭቆበት፣ "ይሄ ሠርግ ነው" ብላ መለሰችልኝ። ሌላ አመጣሁ፣ ዜማው ያው ራሱ፣ ቃሉ ሌላ። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና "ይቺ የኛን ቀሚስ የለበሰች የሰው ልጅ ናት" አለች። ስለዚህ ራሷ ዘፍና ስልኳ ላይ ልትቀርጸው ተስማማን፣ ቁም ሳጥኑን ግን አላማከረችኝም። ስልኩ ለዝርዝሩ ስም ሲጠይቀን "የኛ በይው" አለችኝ። እኛ ማን ማን እንደሆንን አልጠየቅኳትም።

የዚያን ቀን ጠዋት ዳቦዋን ስትጨርስ እሷ የመጨረሻውን ኮት ትተኩስ ጀመር፣ እኔ ስልኩን ተቀብዬ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። አንድ ስንኝ ትዘፍንና ዝም ትላለች፣ ሌላ ስንኝ ትዘፍንና ዝም ትላለች። ትንፋሽ እያጠራት ነው፣ ወይም ቃሉ እየጠፋባት ነው አልኩ። ደግሞ ሙያ አለኝ አይደል፣ ዝም ያለውን ቦታ ሁሉ ፈልጎ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መተግበሪያ አለኝ። ነካ አደረግኩት። ዘፈኑ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ስንኝ ከስንኝ ተያይዞ፣ ጥርት ብሎ ቁጭ አለ። በፊተኛው ቅጂ ላይ ደርቤ አስቀመጥኩትና በኩራት አሰማኋት።

ካውያው ቆመ። መልሳ አነሳችው፣ ቋሚው ላይ አስቀመጠችው፣ ሶኬቱን ነቀለች። እኔ ሙገሳ እየጠበቅኩ ነበር።

"ምን አደረግሽው?"

"ባዶውን አወጣሁልሽ።"

"ባዶ አይደለም፣ የአባትሽ ቦታ ነው።"

ከዚያ በኋላ ነው የነገረችኝ። በነሱ ቤት ዘፈን እንደ ዳቦ ይከፈል ነበር። ሁለቱ በየቀኑ እኔ ልበል እኔ ልበል እያሉ ሲጣሉ አያቴ ሰለቻትና ፈረደች፤ ታላቅ ታወጣለች፣ ታናሽ ይቀበላል፣ አንዱ የሌላውን የነካ እንደሆነ የዚያን ማታ ቦታው ከደጅ ነው። ስለዚህ አክስቴ የጥያቄውን ነው የምትዘፍነው፣ አባቴ የመልሱን። አንቺስ መልሱን አታውቂውም ወይ፣ አብረሽ አትዪውም ወይ አልኳት። አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ ግን የኔ አይደለም፣ የሰው አፍ አይነጠቅም አለች። ቢያንስ ቃሉን ንገሪኝ ብላት እሱን ጠይቂው ብላ ኮቱን ገለበጠችው። በውስጥ በኩል፣ ከስፌቱ ወዲያ የተረፈችውን ጨርቅ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ አሳየችኝ።

"ይህቺ ከውጭ አትታይም። ቆርጠሽ ብትጥያት ኮቱ ዛሬ ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ያምራል። ባለቤቱ የወፈረ ቀን ግን አለቀለት። ትርፉን አትቁረጪ የኔ ልጅ። ደግሞ አውቄ ነው ረዘም ያደረግኩት፣ አባትሽ ከልጅነቱም መዘግየት ይወዳል።"

አባቴና እሷ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። አያቴ ስትታመም አባቴ ሆስፒታል ትግባ አለ፣ አክስቴ ግን እናቴ ቤቴን ቤቴን እያለች ከቤቷ አላወጣትም አለች። እውነትም አያቴ ቤቴን ነበር የምትለው። እቤቷ ሞተች። ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ አባቴ ከተቀመጠበት ተነስቶ "አንቺ ነሽ የገደልሻት" አላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስ። ያን ቀን እሱ ጀመረ፣ እሷ አልተቀበለችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በመሃላቸው የምመላለሰው እኔ ነኝ፣ ከሱ ወደሷ የተቀደደ ሸሚዙን ደብቄ፣ ከሷ ወደሱ የተጠገነውን ይዤ። እሱም ሸሚዙን ይለብሰዋል፣ ማን ሰፋው ብሎ ግን አይጠይቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የነሱ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል ብዬ ነበር የማስበው።

ችግሩ የፊተኛው ቅጂ ጠፍቷል። የሰው ስልክ ሁሉ እየፈታሁ የጠፋ ስመልስ የምኖር ሰው፣ የአክስቴን ዝምታ መመለስ አቃተኝ። አፈር ልብላ እያልኩ ስልኩን እዚያም እዚህም ስነካካ አየችኝና ተይው አለች፣ ከሆስፒታሉ ሰዓት በፊት ይደርሳል፣ እንደገና እለዋለሁ። ድምጿ ግን ከጠዋቱ ዘፈን ደክሞ ሻክሯል። ሮጬ ወደ በያጁ ሄድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ "እቴቴ ድምፅሽን ቀንሺ፣ መዶሻዬን መስማት አቃተኝ" እያለ የሚያሾፍባት ሰው ነው፣ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ነበር። ምክንያቱን ስነግረው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ ማሽኑን አጠፋ፣ ያላለቀ የብረት በር ላይ ቁጭ አለ። እስክትጨርስ ድረስ ጥፍሩን እንኳ አልቆረጠመም።

ጸጥ ስላለ ቁም ሳጥኑ አላስፈለጋትም። መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። የውሃውን፣ የሕፃኑን፣ የቤት ሰነፍ የሚሰደብበትን፣ የዝናቡን። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይሰነጠቃል፣ አታቆምም፤ የተሰነጠቀውን ይዛ ትወጣበታለች። ስንኙ ሲያልቅ ዓይኗን ወደ በሩ ታነሳና ትጠብቃለች፣ በእግሯ የመኪናውን ፔዳል ሳትረግጥ ነካ ነካ እያደረገች ጊዜውን እየለካች። ማንም አይገባም። እሷም ማንም አለመግባቱ ምንም ሳይመስላት ቀጣዩን ታወጣለች። እኔ ብሆን እልህ ይዞኝ መልሱን ራሴ ብዬው አርፍ ነበር። ሰው በሕዝብ ፊት ገዳይ ብሎኝ እኔ ለሱ በየዘፈኑ መሃል ቦታ አላስቀምጥም፣ ልቤን አውቀዋለሁ። በዚያች ሰዓት አክስቴን ከማንም ሰው አብልጬ ወደድኳት። አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሼን ይዤ ቀረጽኩ፣ ምንም አልነካሁበትም።

ቦርሳዋን ስትሸክፍ እመለሳለሁ ብያት ስልኩን ይዤ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም፣ ቶሎ ነይ ብቻ አለችኝ።

የአባቴ ፀጉር ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ከሥሩ ሽቶና አልኮል ተደርድሯል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጉንጩ ሁሉ አረፋ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ነበር፣ አባቴም ምላጭ ይዟል። ሰላም አላልኩትም። ስልኩን ጠርሙሶቹ መሃል አቆምኩና የዝናቡን ዘፈን ከፈትኩት። የአክስቴ የሻከረ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦

"ዝናብ መጣ ብላ እናቴ ስትጣራ፣
ልብሱን ማን ያስገባ?"

ከዚያ ዝም አለች። የአባቴ ምላጭ ከሰውዬው ጉንጭ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። ሰውዬው አንድ ዓይኑን ከፈተ። እኔ የአባቴን ከንፈር በመስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ፣ ተጣብቋል። ዝምታው አለቀና ቀጣዩ ስንኝ መጣ።

አጥፊው አለኝ፣ አላጠፋሁትም። ስለ እባጩ ከኔ ሰምቷል፤ የሚያወጡላት መቼ ነው አለ፣ ነገ ጠዋት አልኩት፣ የቱ ሆስፒታል እንደሆነም ነገርኩት። "ሆስፒታል ገባች በይኛ" አለ፤ ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ምላጩን በጨርቅ ጠረገ፣ ንጹሕ ነበር፣ እንደገና ጠረገው። ደንበኛ አለብኝ፣ ሂጂ አለኝ። ደሜ ፈላ። አባቴን ተቆጥቼ አላውቅም፣ የዚያን ቀን ግን አፌን መያዝ አቃተኝ።

"አባባ፣ ቦታህን ለማንም አልሰጠችውም። እኔ እንኳ ብቆርጠው በዚያ ጉሮሮዋ መልሳ ሰፋችው።"

ስልኩን አንስቼ ወጣሁ። በሩን ሳልዘጋው ከኋላዬ ወፍራሙ ሰውዬ "ታዲያ ልብሱን ማን አስገባው?" ሲል ሰማሁ። አባቴ ፊትህን አታንቀሳቅስ አለው።

ሆስፒታል ውስጥ ለአክስቴ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ደረሳት። ነርሷ የደም ግፊትና ሙቀት ለክታ፣ ከአሁን ጀምሮ ድምፅዎን ያሳርፉ፣ አንድ ቃል እንዳይናገሩ ብላ ከአልጋው በላይ "ታካሚዋን አታናግሯት" የሚል ወረቀት ለጠፈች። ዝም በይ ቢሏት የማይሆንላት ሴት፣ ታዘዘች። ግን እጇ አላረፈም። የለበሰችውን የሆስፒታል ጋውን ጠርዝ ገልብጣ ጠማማ ስፌቱን በጣቷ እያሳየችኝ ፊቷን አጨማደደች፣ ከጎኗ የተኛችው ሴትዮ ሳሏ እስኪመጣ ድረስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልቀረም። እሷ መስኮቱን ታያለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። የጠያቂ ሰዓት እያለቀ ነበር፣ ሰዉ ባዶ ሳህኑን በፌስታል እየያዘ መውጣት ጀምሯል። የት ሄጄ እንደነበረ አልነገርኳትም፣ እሷም በምልክት እንኳ አልጠየቀችም። አባቴ ባይመጣ ምን ብዬ ፊቷን እንደማየው አሰብኩ።

አባቴ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመ። አንገትጌው ላይ የሰው ፀጉር ብናኝ አለ፣ ሱቁን እንዳለ ጥሎ ነው የመጣው። የለበሰው እሷ ክርኑ ላይ የጠገነችለትን ሸሚዝ ነው፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስካሁን አላውቅም። እስከ አልጋው ግርጌ መጣና እዚያ ቀረ። ሁለቱም ተያዩ። የአባቴ እጆች የሚይዙት አጥተው ኪሱ ውስጥ ገቡ፣ ወጡ። አክስቴ በጣቷ ጠጋ በል አለችው፣ ጠጋ አለ። ጎንበስ አድርጋው ከአንገትጌው ላይ ፀጉሩን አንድ በአንድ ለቀመችለት፣ ያልጨረሰችውን ልብስ እንደምታጸዳው። ሲያልቅ እጅጌውን ያዘችና ክርኑ ላይ ያለውን የራሷን ስፌት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"እትዬ" አለ አባቴ። "ያን ቀን ያልኩሽ ነገር..."

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ከአልጋው በላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችው። እሱን ዝም ማሰኘቷ ይሁን ራሷ መመለስ ስለማትችል ይሁን አላውቅም፣ ብቻ አባቴ አንብቦት ዝም አለ። እሷ ወደ ስልኩ ጠቆመችኝ። የሷን ስልክ ትራሱ ላይ አድርጌ የዝናቡን ከፈትኩ፣ የራሴን ደግሞ ኪሴ ውስጥ መቅረጫ ላይ አደረግኩት።

"ዝናብ መጣ ብላ እናቴ ስትጣራ፣ ልብሱን ማን ያስገባ?"

ዝምታው ጀመረ። አባቴ ወለሉን ያያል። አክስቴ እሱን አታይም፣ ጣቷ አንሶላው ላይ ቀስ እያለ ይለካል። ኮሪደሩ ላይ የመድኃኒት ጋሪ ያልፋል፣ ጎማው ይንጫጫል። በል እንጂ አባባ፣ በል እንጂ፣ አለቀ፣ እያልኩ በልቤ ለመንኩት። ዝምታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልወጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ከዚያ ትልቅ ሰው ወጣ፦

"እኔና አንቺ በጋራ።"

እሱ ሲጨርስ የአክስቴ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀጣዩን ስንኝ አወጣ። አልተጋፋችውም፣ አልጠበቀችውም፣ እሱ ባቆመበት ገባች። አባቴ እንደ ልማዱ ዘግይቷል፣ እሷም ለመዘግየቱ የሚሆን ቦታ ትታለታለች። ቀጣዩንም ተቀበለ፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም፣ እንባው አፍንጫው ላይ እየወረደ፣ አንዳንዱን ቃል እየረሳ፣ አብዛኛውን እያስታወሰ። የጎን አልጋዋ ሴትዮ ሳሏን በእጇ አፍና ታዳምጣለች። ነርሷ ሰዓት አልቋል ልትል መጥታ በሩን ተደግፋ ቀረች። የአክስቴ ከንፈር ከስልኩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አላወጣችም፣ ቃሏን ጠበቀች። የነገውን ማንም አያውቅም ነበር፣ ድምጿ ይመለስ አይመለስ። በዚያች ሰዓት ግን አልጋው ላይ ያለችው ሴት ምንም የጎደለባት አትመስልም ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ እሱን አይደለም ያየችው፣ እኔን ነው። ቀኝ እጇን ከአንሶላው ላይ አነሳችና አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ትንሽ አራርቃ አሳየችኝ፣ ጠዋት ያቺን ትርፍ ጨርቅ ይዛ እንዳሳየችኝ። ገባኝ አልኳት።

አሁን "የኛ" በሚለው ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያው ያ ነው። የጎን አልጋዋ ሴትዮ ሳል አለበት፣ የጋሪው ጎማ ይሰማበታል፣ አንድ ቦታ ላይ አባቴ አፍንጫውን ይናፈጣል። የዚያን ዕለት ላስቀምጠው ስል ስልኬ ድምፅ የሌለበት ቦታ ተገኝቷል፣ ይወገድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይወገድ አልኩት።